የልብስ ሰፊው ቱርቦ

በየዘመዱ መሃል እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም፤ መኪና የለው፣ መንጃ ፈቃድ የለው፣ የሰው መኪና ኮፈን ከፍቶ ካላየ ግን እንቅልፍ አይወስደውም። እኛ ዘንድ የለም ካላችሁ፣ ቆይ ብቻ፣ ቱርቦ ያለው መኪና ግዙ። በማግስቱ ይበቅላል።

አንድ አናጢ ቱርቦ ያለው አሮጌ ፒክአፕ ገዛ፤ በቀለበት። የበቀሉበት የሚስቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሙያቸው ልብስ ስፌት፣ ሰፈሩ ያወጣላቸው ማዕረግ ደግሞ «ክቡር ሙቀት»። ክቡርነታቸው በዕድሜያቸው መሪ ጨብጠው አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግን ካውያ ጨብጠው ኖረዋል፤ ታዲያ የጋለ ብረት ከጋለ ብረት በምን ይለያል?

«ስማኝ» ይሉታል አናጢውን፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ። «ቱርቦ ማለት በጭሱ ጉልበት እየተሽከረከረች ለሞተሩ አየር የምታጎርስ ናት። ጭሱ እሳት ነው፤ እሷም ፍም ትሆናለች። ሙቀት ጠላት አይደለም! መውጫ ያጣ ሙቀት ነው ጠላት!»

ይቺን የመጨረሻዋን ቤተሰቡ በሙሉ በቃሉ ይዟታል። ድስት ሲገነፍል ይሏታል፣ ባልና ሚስት ሲኮራረፉ ይሏታል፣ ሕፃን ሲያተኩሰውም እናቱን አስቀምጠው ይሏታል።

ሕግም አላቸው። ሞተሩ ሳይበርድ አይጠፋም፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ሰው አይወርድም። «ዳገት ወጥታ የመጣችን ቱርቦ ድንገት ብታጠፋባት ዘይቱ ውስጧ ቆሞ ያርራል። ቀስ ብላ ትተንፍስ እንጂ!» ዘይቱስ እሺ። ሰው ለምን ታግቶ እንደሚቀመጥ ግን እስከ ዛሬ የገባው የለም። አንዴ ሠርግ ተጠርተው ሙሽሮቹ አዳራሽ ሲገቡ፣ ቤተሰቡ ስጦታውን እንደታቀፈ በመኪና መስኮት አየ። ክቡርነታቸው በመጨረሻ ብቻቸውን ይወርዱና መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው። «አሁን ተሻላት» ሲሉ ነው ቤተሰቡ ነፃ የሚወጣው።

አናጢው አንጀቱ እርር ይላል። ግን የሚስት ወንድም ናቸው፣ ምን ይበል? አንድ ቀን በዝምታ ተበቀለ። ቱርቦዋን የምትከልል አንዲት ላሜራ ነበረች፤ ቡሎኗ ላልቶ ስትንኳኳ ትውላለች። ክቡርነታቸው ድምፁን ሰምተው አዲስ ትምህርት ሳይከፍቱበት ነቀላትና የእንጨት መሥሪያው ጥግ ወረወራት። መኪናዋ ጸጥ አለች። «እፎይ!» አለ።

እንዲህ እንዳለ የሴት ልጁ የፈተና ቀን ደረሰ። ልጅቷ ነርስ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ያለች ናት። መግቢያ ፈተናው የሚሰጠው ዳገቱ አናት ላይ ባለው ትምህርት ቤት ነው፤ በሩ አንዴ ከተዘጋ የሚከፈተው በዓመቱ። እናቷ ምሳዋን ትኩስ ትኩሱን በቆርቆሮ ምሳ ዕቃ ቋጠረችላት። ሊነሡ ሲሉ ማን የፊት ወንበር ላይ ተገኘ? በተተኮሰ ኮት፣ «ያለ እኔ ዳገት?» እያሉ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሚያርር ጎማ ሽታ መጣ።

«ቁም!» አሉ ክቡርነታቸው።

«ጋሼ፣ በሞቴ! ዛሬ እንኳን ይማሩኝ፤ በሩ ሊዘጋ ነው!»

«ቁም አልኩህ! የሚያርር ነገር ሽታ ለእኔ ልትነግረኝ ነው? አጥፋት!»

አናጢው ጆሮውን አላመነም። «ዘይቱስ?»

«ዘይቱ ይረር! አጥፋት!»

ኮፈኑ ሲከፈት ጭሱ ፊታቸው ላይ ቡን አለ። ቱርቦዋ ቀልታ ፍም መስላለች። አጠገቧ የሚያልፈው የነዳጅ ቱቦ ጎማ ላዩ ተለብልቧል፤ ጥቂት ቢቆይ ነዳጁ እላይዋ ላይ ነበር የሚፈሰው። ልጅቷ ከኋላ ነበረች የተቀመጠችው። አናጢው ተስፈንጥሮ የውሃ ጀሪካኑን ቢያነሣ ክቡርነታቸው ከእጁ ነጠቁት።

«እንዳትደፋ! የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» አሉና ያን የተተኮሰ ኮት አውልቀው ቱርቦዋን ያራግቡላት ጀመር። ልጅቷ ሰዓቷን እያየች ታለቅሳለች።

«ቆይ፣ ላሜራዋስ? እዚህ ጋ ላሜራ ነበረች!»

አናጢው አንገቱን ደፋ። «ትጮህ ነበር ጋሼ… ነቀልኳት።»

«ትጮህ ነበር? እኔ ስጮህ ታዲያ ምነው አልነቀልከኝ!»

ልጅቷ በእንባዋ መሃል ሳቀች። ክቡርነታቸው ግን ለሳቅ ጊዜ አልነበራቸውም። «ምሳ ዕቃሽን አምጪ!» ክዳኑን ነቀሉ፣ በአናጢው ሚስማር በሱት፣ ከዕቃው መሃል ሽቦ መዘው እንደ ስፌት መርፌ በጥርሳቸው ይዘው በፒንሳ አጠማዘዙት። ጎማውን ወደ ዳር ስበው አሰሩት። ክዳኑን በእሱና በቱርቦዋ መሃል አቆሙት፣ አንዱንም ሳይነካ። «አየር በመሃል ይለፍ። ከነካ እሱም ካውያ ይሆናል። በል ንዳ! ግን አትርገጣት!»

ደረሱ። ዘበኛው አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን እየገፋ ነው። አናጢው ፍሬን ያዘ። ልጅቷ ግን ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» ጮኹ ክቡርነታቸው።

«ሞተሩ እስኪበርድ…»

«ሞተሩ ገደል ይግባ! ውረጂ! ሩጪ የኔ ልጅ!»

አሉና እሳቸው ቀድመዋት ወርደው ሮጡ። «ወንድሜ! አንዴ! በእናትህ አንዴ!» እያሉ በሚዘጋው በር መሃል እግራቸውን ሰነቀሩ። ልጅቷ በክንዳቸው ሥር ሾልካ ገባች። በሩ ተዘጋ።

እያለከለኩ ሲመለሱ አናጢው መሪውን እንደያዘ ተቀምጧል። ሞተሩ በዝግታ ይሠራል።

«ምነው፣ አትወርድም?»

«ትተንፍስ እንጂ ጋሼ። ዳገት ወጥታ ነው የመጣችው። ይግቡ፣ እርስዎም ይተንፍሱ።»

ክቡርነታቸው አጠገቡ ገብተው ተቀመጡ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ልጅቷ ከነትኩሱ ትታው የሄደችውን ክዳን አልባ ምሳ ዕቃ ማንሣት ነበር። ጥላሸት የበላውን ኮታቸውን ገልብጠው በንጹሑ ገበር ጠቀለሉት፣ ጫፍ ጫፉን ወተፉ፣ ከዚያ እንደ አራስ ልጅ ታቀፉት።

አናጢው ዞሮ አያቸው። «ጋሼ» አለ፣ «መውጫ ያጣ ሙቀት ጠላት አይደለም እንዴ?»

«ዝም በል!» አሉ ክቡርነታቸው፣ ይበልጥ ወደ ደረታቸው እያስጠጉት። «የልጄ ምሳ ነው።»