ቀምሼ ያቀረብኩት ጉጠት

ጥርስህን ሲያምህ ማን ትዝ ይልሃል? እናትህ፣ አይደል? እኔን ግን ትዝ የሚለኝ የፖለቲካ ኃላፊያችን ነው። አትሳቅ፣ ምክንያት አለኝ።

በደርግ ጊዜ አቃቂ አንድ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። አለቃዬ ስቶያን የሚባል ቡልጋሪያዊ ነው። ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ኖሮ አማርኛውን እንደ ነገሩ ይሰባብራል። ጠላ ቤት የምወስደው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን፣ በእኛ አገር አቅራቢው ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም፣ መርዝ እንደሌለው ማሳያ ነው ብዬ አስተማርኩት። ወደደው ብልህ አይገልጸውም! ከዚያ ወዲህ እኔ ፉት ሳልል አንድ ነገር አፉ አያስገባም። ይህቺን ያዝልኝ።

አንድ ጠዋት ትልቁ ማሽን ቆመ። ስቶያን ደግሞ ጉንጩ አብጦ መጣ። ማሽኑን ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለም፤ እሱ ደግሞ ቀና ማለት እንኳ አቅቶታል። ከተማ ሆስፒታል እንዳልወስደው የፋብሪካው መኪና የራሽን ነዳጅ አልቋል። የፖለቲካ ኃላፊው ጠራኝና፣ ጥርሱን አስነቅለህ ማሽኑ ከምሳ በፊት ካልተነሳ ይህ አሻጥር ነው፣ አሻጥረኛውም ማን እንደሆነ እናውቃለን አለኝ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ መባል ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ? ልጆቼ አባት አይኖራቸውም ማለት ነው።

ጋሽ ሰይድ ዘንድ ወሰድኩት። ከወሎ የመጡ፣ ሆስፒታል ቁስል ሲያጥቡ የኖሩ ጡረተኛ ድሬሰር ናቸው፤ ባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ቤታቸው ውስጥ ጥርስ ይነቅላሉ። ማደንዘዣ አለ ወይ ብላቸው፣ "ነበረ፣ አለቀ። አይዞህ ልጄ፣ እኔ እጄ ፈጣን ነው" አሉኝ።

ስቶያን ጉጠቱን አየ። ላቡ ወረደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"አንተ መጀመሪያ ቅመስ።"

ሰው አያውቅብኝም እንጂ፣ አራት ዓመት ሙሉ የደበቅኩት አንድ የበሰበሰ መንጋጋ ነበረኝ። በግራ በኩል ብቻ እያላመጥኩ የኖርኩት ለምን ይመስልሃል? ጉጠት ስለምፈራ ነዋ! ለመንኩት፤ በሞቴ አልኩት። እሱ እቴ! ተነስቶ ወደ በሩ። ሰዓቱን ሳይ አራት ተኩል ሆኗል። ከጉጠቱና ከኃላፊው የቱ ይብሳል? ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ሰይድ "ቢስሚላሂ" አሉ። እኔ "አቡዬ ድረስ" አልኩ። አንጎሌ አብሮ የወጣ መሰለኝ። ልጮህ አፌን ስከፍት ስቶያን ፊቴን ትኩር ብሎ እያየ ነው። ከጮህኩማ አለቀልኝ! ደሜን ዋጥ አድርጌ ፈገግ አልኩና "ምንም አይልም፣ ግሩም ነው" አልኩት።

አመነኝ። ተቀመጠ። የእሱን ጩኸት ቃሊቲ ያሉት ሰምተውታል ይባላል።

ማሽኑ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተነሳ። እኔም ማታ ከልጆቼ ጋር እራቴን በላሁ። እራት ስልህ፣ አጥሚት።

ስቶያን ኩርፊያ አያውቅም። በሳምንቱ ጠላ ቤት አብረን ገባን። እንደ ልማዴ ፉት አልኩና "ግሩም ነው" ብዬ አቀበልኩት። ተቀብሎ ፊቴን አየ፣ ጠላውን አየ፣ እንደገና ፊቴን አየ። ከዚያ ዞር አለና አጠገባችን ለተቀመጠው፣ ጨርሶ ለማያውቀው ሰውዬ ዘረጋለት።

"አንተ ቅመስ" አለው። "እሱ ግሩም ነው ይላል፤ ውሸታም።"