ሳላውቀው ያለቀስኩለት ሰው

ኮሜዲያን መሆን ድሮ ከባድ ነበር። ቀልድ መፍጠር፣ መለማመድ፣ መድረክ ላይ መውጣት፣ ሰው ካልሳቀ ደግሞ ላብን እየጠረጉ መውረድ ነበረበት። የዛሬ ኮሜዲያን የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስልክና አክስት። ስልኩን ይገዛል፤ አክስቱን እግዚአብሔር ይሰጠዋል።

አክስትየዋ እኔ ነኝ።

ናቲ የታናሽ እህቴ ልጅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። ሥራው ሲጠየቅ "ኮንቴንት" ይላል፤ እናቱ "አርቲስት" ትላለች፤ እኔ ምንም አልልም። ሻሽ አስሮ፣ መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ "አክስቴ" የሚል ቪዲዮ ይሠራል። እህቴን ብጠይቃት "አንቺ አይደለሽም እኮ፣ እንዲሁ በጠቅላላው አክስት ናት" አለችኝ። በጠቅላላው አክስት የእኔን መነጽር ከየት እንዳገኘች ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ይቺው እህቴ እኔ ልጆቼን ሳሳድግ "ቤትሽ ካምፕ ነው" ስትለኝ የኖረች ናት። አልክድም፣ ልጆቼን ያሳደግኩት በዓይኔ ነው። እንግዳ ፊት እጁን ወደ ሳህን የሰደደ ልጅ አንድ ጊዜ ዓይኔን ካፈጠጥኩበት እጁ አየር ላይ ይቆማል። የእሷ ልጅ ግን የእንግዳውን ድርሻ በልቶ ሲጨርስ ይጨበጨብለት ነበር። ጭብጨባው ይኸው አላቆመም፤ ወደ ስልክ ተዛወረ እንጂ።

ወደ ነገሬ ልግባ። የቀድሞ አለቃዬ ሞተ። ስሙን አልጠራም፣ ሙት ወቃሽም አልሆንም። ጠረጴዛዬን ከመስኮት ሥር አስነስቶ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ያስቀመጠው፣ የጡረታ መሸኛዬ ላይ በሌላ ሴት ስም ያመሰገነኝ እሱ መሆኑን ብቻ ልብ በሉልኝ። ያም ሆኖ ለቅሶ አይቀርም። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ይመጣል፤ ማን ከልቡ አለቀሰ፣ ማን ፊቱን ብቻ ሸፈነ እየተባለ ለዓመት ይወራል። ስለዚህ በደንብ ለማልቀስ ቆርጬ ከመካኒሳ አቦ ተነሳሁ። እህቴ "ብቻዋን አትሂድ" ብላ ናቲን ላከችብኝ።

የአለቃዬ ቤት ለቡ ነው፣ አዳዲሶቹ ሕንፃዎች ጋ። "ከአስፋልቱ ስትገቢ ድንኳኑን ታያለሽ" ብለውኛል። አየሁት። ለቅሶ ደራሽ ሴት እንዴት እንደምትገባ መቼም ታውቃላችሁ… ድንኳኑ ገና ከሩቅ ሲታይ ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ፊት ይሸፈናል፣ ድምፅ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መንገዱን የሚያውቀው እግር ነው፤ ዓይን ሥራ ላይ የለም። እኔም "ወንድሜን፣ ወንድሜን" እያልኩ ገባሁ። ያንን ሰው ወንድሜ ማለቴ ራሴንም ስላስደነገጠኝ ይመስለኛል፣ ድምፄ እንደዚያ ቀን ሆኖልኝ አያውቅም። ደረቴን ደለቅኩ። ሁለት ሴቶች ደግፈው ከፊት አስቀመጡኝ። ደከም ብሎኝ ነጠላዬን ገለጥ ሳደርግ የተሰቀለው ፎቶ ያየኛል… ነጭ ጺም ያላቸው፣ ፈገግ ያሉ ሽማግሌ። አለቃዬ ጺምም ፈገግታም አልነበረውም።

ስሜን ሳልናገር፣ እግዜር ያጥናችሁ ሳልል ተነስቼ ወጣሁ። ሮጥኩ ብል ይቀላል። ናቲ በሩ ላይ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይዞ ቆሟል።

"የመሥሪያ ቤትሽ ሰዎች እኮ ከሕንፃው ጀርባ ባለው ድንኳን ናቸው፣ አክስቴ" አለኝ።

"መቼ አየሃቸው?"

"ገና ስንደርስ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ጀምረሽ ነበራ… ማቋረጥ ነውር መሰለኝ።"

እንባዬን ለማያውቀኝ ሰው አሟጥጬ፣ የአለቃዬ ድንኳን በደረቅ ዓይን ገባሁ። የቀድሞ ጸሐፊው ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ ሰማኋት፤ "ዛሬም ቂሟን አልተወችም።" እንግዲህ እውነት ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ሱቅ ወጣሁ። ባለሱቁ ሳሙና ሲያቀብለኝ ከንፈሩን ነክሶ ያዘ። መንገድ ላይ የተሰበሰቡ ወጣቶች ሳልፍ በለሆሳስ "ወንድሜን" አሉ። ቪዲዮው ወጥቷል። "አክስቴ ድንኳን ተሳሳተች" ይላል። ከሥሩ የሚስቅ ፊት፣ የሚስቅ ፊት፣ የሚስቅ ፊት… አንድ ሰው ብቻ "ነፍስ ይማር" ብሎ ጽፏል፤ እሱም ላይ ሳቁበት። እህቴ ጋ ደወልኩ።

"ምን ታካብጃለሽ?" አለችኝ። "ሰው አሳቅሽ እንጂ አላስለቀስሽም።"

ይህንንም ይዤላታለሁ።

ነገሩ በእኔ ብቻ ቢቀር ችዬው እኖር ነበር። የልጄ ልጅ ሶስና ስምንት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ሥራ ስትውል እኔ ጋ ትውላለች። ያን ዕለት ከሰዓት የተከራዮቻችን ልጅ ሚኪ ግቢ ውስጥ ከብስክሌት ወደቀ። ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ ጉልበቱ ተልጦ ደሙ ይወርዳል። ሶስና ስልኬን ይዛ ከፊቱ በርከክ ብላለች።

"ቆይ፣ አልጀመረልኝም ነበር" ትለዋለች። "እንደገና አልቅስ። እንደ እማማ፣ ደረትህን እየመታህ።"

ሕፃኑ ግራ ተጋብቶ ለቅሶውን አቆመ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ደረቱን መታ።

ዓይኔን አፈጠጥኩባት፤ ያንን ልጆቼን ሁሉ ያሳደግኩበትን ዓይን። አላየችኝም። አቀርቅራ ስልኩን ነበር የምታየው። ያኔ ነው የፈራሁት። ልጅ ብትዋሽ መላ አለው፣ ሳንቲም ብታነሳም መላ አለው። የሰው ደም እያየች "እንደገና" የምትልን ልጅ ግን በምን ይቆጧታል? ማን አስተማራት እንዳልል ደግሞ፣ ያየችው የእኔን ለቅሶ ነው።

የሚኪን ጉልበት አጥቤ እንዳበቃሁ ናቲን ጠራሁት።

"ነገ የዚያ የሽማግሌው ሠልስት ነው" አልኩት። "አንተ፣ እኔና ሶስና ለቡ እንሄዳለን። ቤተሰቡን ይቅርታ እንጠይቃለን። እሷም ሰው ሲሞት ምን እንደሚመስል በዓይኗ ታያለች።"

"አክስቴ፣ ይገድሉኛል እኮ።"

"ድንኳኑ እንዳለ ነው፤ አይቸገሩም።"

በማግስቱ ሦስታችን ስንገባ የድንኳኑ ወሬ ቆመ። የሟች ባለቤት ወይዘሮ አያልነሽ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጡ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"መጣች" አሉ።

"እመቤቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የ…"

"ጌታነህ እህት የለውም። ለእናቱ አንድ ነው። ወንድሜን እያልሽ ደረትሽን ስትደልቂ፣ ስምሽን ሳትናገሪ ስትሮጪ… አንቺ ሴትዮ፣ ባሌን የት ነው የምታውቂው?"

ለካስ እኔ የሳቁብኝን ስቆጥር፣ እኚህ ሴት ባላቸውን ከቀበሩ ጀምሮ ከሟች ጋር ተጣልተው ከርመዋል። ልጃቸው ቪዲዮውን አይታ ልታስረዳቸው ብትሞክር "ስልክ ላይ ያለው ሁሉ ውሸት ነው ስትሉኝ አልነበረም?" ብለው አላመኗትም።

"አንዲት እንባ አላወጣሁለትም" አሉኝ። "ዕድሜ ልኬን አብሬው ኖሬ፣ ለቅሶውን ለአንቺ ተውኩልሽ።"

በዚህ ዕድሜዬ ውሽማ ተብዬ አላውቅም። በዚያኛው ዕድሜዬም ቢሆን።

"ናቲ፣ እውነቱን ንገራቸው" አልኩ።

ናቲ ተነሳ። "እማማ፣ ድንኳን ተሳስታ ነው። እኔ እያወቅኩ ዝም አልኳት። የቀረጽኳትም እኔ ነኝ።"

ከጥግ የተቀመጡ ወጣቶች አወቁት። "ኮሜዲያኑ ናቲ ነው" ተባባሉ። "እውነቴን ነው የምላችሁ" ቢል ሳቃቸው ባሰ። በሕይወቱ አንዴ እውነት ቢናገር የሚያምነው አጣ።

ስለዚህ ተራው የእኔ ሆነ። ለእነማን እንደማወራ ሳላውቅ ስለ አለቃዬ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። የመስኮቱን ነገር፣ የመጸዳጃ ቤቱን በር፣ እጁን ያልታጠበ ሰው ሁሉ እየወጣ ሲጨብጠኝ መኖሬን፣ የጡረታዬ ቀን የተጠራውን የሌላ ሴት ስም።

"ይህን ሁሉ ላደረገሽ ሰው ነው እንደዚያ የጮህሽው?" አሉ ወይዘሮ አያልነሽ።

"ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።"

ጎናቸው ወዳሉት ሴቶች ዞሩ። "ይሄስ እውነት ነው" አሉ። "እንዲህ ያለውን ሰው ፈጥሮ አያወራውም።" ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነው። ድንገት ወደ ናቲ ቀና አሉ።

"አንተ ልጅ፣ ድምፅህን አውቀዋለሁ። 'አክስቴ' የምትለው አንተ ነህ እንዴ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ጌታነህ ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ልጁ ስልኳን ጆሮው ሥር ታደርግለታለች። ሕመሙ ሲበረታበት 'እስቲ ያቺን አክስት አሰሚኝ' ይል ነበር። አንድ ቀንማ በሳቅ ትን ብሎት መድኃኒቱን ላዬ ላይ ተፋው…"

ይህን ብለው መጨረስ አልቻሉም። ከቀብሩ ወዲህ የጠፋው እንባ መጣ። ድምፅ የለው፣ ደረት መምታት የለው፤ እንዲሁ ወረደ።

እስቲ ፍረዱኝ። ሳላውቀው ያለቀስኩለት ሰው፣ ሳያውቀኝ ሲስቅብኝ የከረመ ሰው ሆኖ ተገኘ። ተካክሰናል ብዬ ትቼዋለሁ።

ናቲ በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ ተንሰቀሰቀ። ከጥግ ያሉት ወጣቶች በሳቅ ፈነዱ። "ሲችልበት" አለ አንዱ፣ ስልኩን እያነሳ። ናቲ በተንሰቀሰቀ ቁጥር ይብስባቸዋል።

ሶስና ከጎኔ ተነሳች። ሄዳ ናቲ ፊት ቆመች፤ ጎንበስ ብላ ከእጆቹ ሥር ፊቱን አየችው፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ የሹራቧን እጅጌ ስባ አፍንጫውን ጠረገችለትና ወደ ወጣቶቹ ዞረች።

"ዝም በሉ" አለቻቸው። "የእውነቱን ነው።"

ስልኩ ወረደ። እኔም ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብ አደረግኩ፤ አቧራ ነበር፣ ለቡ ግንባታ ይበዛል።

ልንወጣ ስንል ናቲ ቪዲዮውን እንደሚያጠፋው ተናገረ። ወይዘሮ አያልነሽ ግን "ሳላየው?" አሉ። በዚያው በሠልስቱ፣ ስልኩ ከእጅ እጅ እየዞረ ድንኳን ሙሉ ሰው እኔው ባለሁበት ሳቀብኝ። ወይዘሮዋ ሁለት ጊዜ አዩት። ከዚያ በኋላ ነው የጠፋው።

"ለአርባው አትቀሪም፣ እህቴ" አሉኝ እጄን ይዘው።

አልቀርም። የአለቃዬም አርባ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰፈር ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከአሁኑ "እንዳትቀሪ" እያሉ እየደወሉልኝ ነው፤ እኔ ግን እንደገና ድንኳን መሳሳቴ አይቀርም።