ሶረቲን ለመሸኘት የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ አዳማ፣ የኮሌጁ መሰብሰቢያ አዳራሽ፤ ቁልፉ ስላልተገኘ የክበቡ በረንዳ
ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ 4፡40 ተጀመረ

የተገኙ፦
ዶ/ር ሰይፈሚካኤል፣ ምክትል ዲን፦ ሰብሳቢ
አቶ አምባዬ፣ የንብረት አስተዳደር ኃላፊ፦ አባል
ሐጂ ኑሬ፣ የሚኒባስ ባለንብረት፣ የኅብረተሰቡ ተወካይ፦ አባል
ሑስና፦ ጸሐፊ፣ ድምፅ የማትሰጥ

ሐጂ ኑሬ ከመናኸሪያ ተለምነው ሲመጡ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ሰብሳቢው ሲከፍቱ፣ ከሞምባሳ የሚነሣ አንድ የባሕር ጥናት መርከብ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን አሳፍሮ ሙያውን በተግባር እንደሚያሳይ፣ የሦስተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪዋ ሶረቲ ተወዳድራ እንዳለፈችና ዛሬ ማታ ከቦሌ እንደምትበር ገልጸዋል። ስብሰባው የተጠራውም መልካም ጉዞ ለመመኘት ብቻ ነበር። ሶረቲ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። ወንበር ይሰጣት ቢባልም፣ አቶ አምባዬ ከንብረት ክፍል ወጪ እንዳልተደረገ በማስታወሳቸው ቀርቷል።

አጀንዳ 1፦ ፈቃድ
አቶ አምባዬ፣ ተማሪ መርከብ ላይ ሲወጣ የሚያስፈቅድበት ደንብ አለ ወይ ብለው ጠይቀዋል። ሰብሳቢው እስከ ዛሬ እንደሌለ፣ ይህም ትልቅ ክፍተት እንደሆነ አምነዋል። ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ማንም ተማሪ መርከብ እንዳይሳፈር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ከዕለቱ ውሳኔዎች ቶሎ ያለቀው ይኸው ነው።

አጀንዳ 2፦ ባሕር ለአዳማ ያለው ጠቀሜታ
አቶ አምባዬ፣ ባሕር በሌለበት አገር የት ልትቀጠር ነው ብለዋል። ሶረቲ፣ የቆምንበት ስምጥ ሸለቆ እየሰፋ መሆኑን፣ ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ ባሕር ሊገባበት እንደሚችል፣ የውቅያኖስ ወለል እንዴት እንደሚፈጠር ማየት የምትፈልገውም ለዚህ እንደሆነ አስረድታለች። ሰብሳቢው፣ ባሕሩ በዚህ በጀት ዓመት ዕቅድ እንዳልተያዘ አሳስበዋል። አቶ አምባዬ፣ ቢሆንም የኮሌጁ አጥር ከወዲሁ ይታሰብበት ብለዋል።

ሐጂ ኑሬ በቃሌ ይመዝገብልኝ ስላሉ፦ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዝዋይ ላይ ጀልባ ያለው ዘመድ አለኝ። ወላሂ በነጻ ያንሸራሽርሻል! ሞምባሳ ምን አስኬደሽ?» ቀጥለውም መርከቡ ትርፍ ይጭን እንደሆነ፣ ረዳቱም ማን እንደሆነ ጠይቀዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ዋና መቻሏ በሶደሬ እንዲፈተን፣ ኮሚቴውም ከነምሳው ለታዛቢነት እንዲገኝ ተወስኗል። ሶረቲ በረራው ዛሬ ነው ብላለች። ሐሳቧ በአዎንታ ተወስዶ ወደ ቀጣዩ ታልፏል።

አጀንዳ 3፦ ማን ይሂድ?
ሰብሳቢው፣ ኃላፊ ያላየውን ተማሪ ቀድሞ ማየቱ ከአሠራር ውጭ ስለሆነ አባላት ለልምድ ልውውጥ ይቅደሙ ብለዋል። ሐጂ ኑሬ ጋቢናው ለሽማግሌ ይገባል ሲሉ፣ አቶ አምባዬ መርከብ ንብረት ስለሆነ ጋቢናው የእሳቸው መሆኑን ተናግረዋል። በዚህ መካከል አንድ ብርጭቆ ተሰብሯል። ሦስቱም አባላት እንዲሄዱ፣ ሶረቲ የሚመጣውን ዓመት እንድትጠብቅ ተወስኗል።

የሶረቲ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። ጸሐፊዋ ይህን የመዘገበችው ሌላ ያየ ስላልነበረ ነው።

አጀንዳ 4፦ ስለ ማረፊያ
ሰብሳቢው በየትኛው ሆቴል እንደሚያርፉ ሶረቲን ጠይቀዋል። እሷም መርከቡ ሦስት ሳምንት ወደብ እንደማይነካ፣ አልጋው ተደራራቢ እንደሆነ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሌሊት በተራ ተነሥቶ ከባሕር ወለል የወጣ ጭቃ እንደሚያጥብ፣ የስልክ ኔትወርክ እንደሌለ፣ መጀመሪያ ላይም ብዙ ሰው እንደሚያስመልሰው አስረድታለች።

ከዚያም አቶ አምባዬ የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ ሐጂ ኑሬ መኪኖቻቸውን ለሹፌር ጥለው መሄድ እንደማይሆንላቸው፣ ሰብሳቢው ደግሞ ከበላይ አካል ሊደወልላቸው እንደሚችል ገልጸዋል። ራሳቸውን መርጠው ራሳቸው ፈሩ እንዳይባል፣ የዛሬው ውሳኔ ሁሉ ይሻር ተባለ። ጸሐፊዋ «ሁሉም?» ብላ ብትጠይቅ፣ ሰብሳቢው «ሁሉም! አንድ እንዳይቀር!» ብለዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ
ዛሬ የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ እንዳልተላለፉ እንዲቆጠሩ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ሶረቲ አጀንዳ 1ም ተሽሯል ወይ ብላ ጠይቃለች። ጸሐፊዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አንብባ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ደንብ ከእንግዲህ እንደሌለ አረጋግጣለች። ሐጂ ኑሬ ተነሥተው ሻንጣውን አነሡ፤ በቃላቸው፦ «አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና አለኝ። ነይ፣ ጋቢናው ያንቺ ነው።»

ስብሰባው 7፡15 ላይ ተበትኗል። የተጠራበት ጉዳይ ስላልተነሣ፣ ጸሐፊዋ ድምፅ ባይኖራትም እዚህ አስፍራዋለች፦ መልካም ጉዞ፣ ሶረቲ።