የመቶው መሳቢያ ተርጓሚ

በዓለም ላይ ያለ ሰፈር ሁሉ፣ ውኃ ቢያጣ እንኳ፣ ተርጓሚ አያጣም። ለዚህ ሰው አንድም ነገር ራሱን ብቻ ሆኖ አያውቅም። ድመት ብታስነጥስ መልእክት ነው፤ የጫማ ክር ቢበጠስ መልእክት ነው፤ ዝም ብትሉት ደግሞ ዝምታችሁ ከመልእክት ሁሉ የረዘመ ነው። ሌላው ሰው ሰሙን አይቶ ሲያልፍ እሱ ወርቁን ፍለጋ ዶማ ይዞ ይወርዳል። ወርቅ ካጣም ጉድጓዱን ያደንቃል።

ለባሕር ዳር ከተማዋ ለሉካንግ አሮጌ ገበያ የደረሱት ተርጓሚ ሊቀ ሊቃውንት ሊያኦ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጣቸው ፊት ለፊታቸው ዓሣ የሚሸጠው ቹን-ሺዮንግ ነው፤ እሱ ለሽሙጥ ጣለው፣ እሳቸው ግን እንደ ሹመት ተቀበሉት። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። መርከበኞችን በምትጠብቀው አምላክ፣ በባሕሯ እናት ቤተ መቅደስ ደጃፍ፣ ከመቶዎቹ ትንንሽ መሳቢያዎች አጠገብ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ቴርሞስ ሻይ ይዘው ይውላሉ። ጭንቀት ያለበት ሰው መጥቶ መቶ የቀርከሃ ዘንጎች ካሉበት ዕቃ አንዷን ይመዛል፤ ዘንጓ ቁጥር አላት። ከዚያ ሁለቱን የጨረቃ ቅርጽ እንጨቶች መሬት ላይ ይጥላል። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ካረፈ፣ ያውም ሦስት ጊዜ ተከታትሎ፣ እናቲቱ "አዎን፣ ያንተው ናት" ብላለች። ያን ጊዜ ከዚያ ቁጥር መሳቢያ ባለ አራት መስመር ግጥም ይወጣል፤ ሊያኦም ይፈቱታል።

"ላይ ላዩን አትዩት!" ብለው ይጀምራሉ። የጀመሩት መቼ እንደሚያልቅ የምታውቀው እናቲቱ ብቻ ናት።

ሾርባ ሻጯ ዩዌ-ሺያ ይህን ሁሉ በነጻ መስማት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የሾርባ ድስቷ ከእሳቸው ጠረጴዛ አምስት እርምጃ አይርቅም። የተፈጨ ዓሣ አድቦልቡላ ትቀቅላለች፤ በአንድ ሳህን አምስት አምስት። አንድ ቀን ለሊያኦ ስድስት ገባባቸው።

"ዩዌ-ሺያ፣ ይህ ስድስተኛው ምን ሊለኝ ፈልጎ ነው?"

"ተሳስቼ ነው አጎቴ። ዝም ብለው ይብሉት።"

"ላይ ላዩን አትዪው! ለምን ዛሬ ተሳሳትሽ? ለምንስ በእኔ ሳህን?"

"እጄን አዳልጦኝ!"

"እጅን የሚያዳልጠው ማን ነው?"

ሾርባው ቀዘቀዘ። ቹን-ሺዮንግ ከኋላ መጥቶ ስድስተኛዋን በጣቱ አነሳና ጎረሳት። "ትርጉሙ ገባኝ ሊቀ ሊቃውንት" አለ እያላመጠ፤ "ጨው አንሶታል።"

ሌላ ጊዜ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ "ዛሬ ዝግ ነው" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሊያኦ በዚያ ወረቀት ፊት ሩብ ሰዓት ቆሙ። "ዛሬ" የሚለው ነገን ተስፋ እንደሚሰጥ፣ በር ካልተዘጋ መከፈቱ እንደማይታወቅ፣ ሰውም በሽታው ዝግ በር ካላገኘ ራሱን እንደማይመረምር፣ ጉንጯ ላበጠ ሴትዮ አስረዷት። ሴትዮዋ አንገቷን እየነቀነቀች አዳመጠች። አፏን መክፈት አትችልም ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሬዲዮው ነገር ነው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ገበያው ሲያንቀላፋ፣ ከቹን-ሺዮንግ ሬዲዮ አንድ የድሮ ዘፈን ይመጣል። ዘፋኟ ወደብ ላይ ቆማ የሄደባትን ትጠራለች፤ ድምጿ እንደ እርጥብ ጨርቅ ከልብ ላይ ይጣበቃል። ዩዌ-ሺያ ጭልፋዋን አስቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ሊያኦ ደግሞ ይጀምራሉ፤ ወደቡ ዕድሜ ነው፣ መርከቡ ወጣትነት ነው፣ መልሕቁ...

"ኧረ አጎቴ፣ በእናቲቱ ይዤዎታለሁ፣ ዘፈኑን ልስማበት!"

ዘፈኑ ሲያልቅ ዩዌ-ሺያ ፊቷን በሽርጧ ትጠርጋለች። ለምን እንደምታለቅስ ገበያው በሙሉ ያውቃል። ያንን ብቻ ሊያኦ አንድም ቀን ተርጉመውባት አያውቁም።

ነገሩ የልጇ የሹ-ፔይ ነገር ነው። ሹ-ፔይ በቀብር ላይ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው አገባች። ዩዌ-ሺያ "በሰው እንባ የሚበላ አማች አልፈልግም" ብላ ሠርጉ ቀረች። ልጅቷም ታይቹንግ ከተማ ገባች፤ የአንድ ሰዓት መንገድ፣ የሦስት ዓመት ዝምታ። በዚህ የጸደይ ወራት ታዲያ የሹ-ፔይ የአክስት ልጅ ወሬ ይዞ መጣ፤ ሹ-ፔይ ልትወልድ ሳምንት ቀርቷታል። አማቷ ሞታለች። አንዲት አራስ ወር ሙሉ ዶሮ በዝንጅብልና በሰሊጥ ዘይት የምትሠራላት እናት ታስፈልጋታለች፤ ሹ-ፔይ ደግሞ እንድትመጣ አልጠራቻትም።

ዩዌ-ሺያ ሦስት ቀን ዓሣው እያረረባት አሰበች። ሳትጠራ ሄዳ በሩ ቢዘጋባትስ? በአራተኛው ቀን ሽርጧን ፈትታ፣ አምስቱን እርምጃ ተራምዳ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘንግ መዘዘች። የጨረቃ እንጨቶቹ ሦስት ጊዜ እሺ አሉ። ሊያኦ ዘንጓን ከዓይናቸው አራቁ፣ አቀረቡ፣ እንደገና አራቁ። መነጽር አላቸው፤ ግን በዓይናቸው ብቻ ለሚያነቡ ሰዎች የተሠራ ነው ብለው ኪሳቸው ውስጥ ያኖሩታል። መሳቢያ ከፈቱና ወረቀቷን አውጥተው፣ ግጥሙን በቃላቸው አስታውሰው በዜማ አሉት፤

*በረዶው ቀለጠ ወንዙም ፈሰሰ፣*
*የራቀው ጀልባ ወደቡን ደረሰ፤*
*በር ላይ የቆመ እጁን ያንሳና፣*
*ያንኳኳ፤ ውስጥ ያለው አልተኛምና።*

"በረዶ?" አለች ዩዌ-ሺያ። "እኔ የማውቀው በረዶ ቹን-ሺዮንግ ዓሣው ሥር የሚያነጥፈውን ነው።"

ሊያኦ አርባ ደቂቃ አብራሩላት። ዩዌ-ሺያ ከአርባው ደቂቃ የሰማችው "አልተኛምና" የሚለውን ብቻ ነበር። እዚያው ስልኳን አወጣች። ሹ-ፔይ አነሳች። ዩዌ-ሺያ "ዶሮውን ልሥራልሽ፣ ልምጣ?" አለቻት።

"ዝንጅብሉ" አለች ልጅቷ፣ "ከዚያው ገበያ ይሁን። የዚህኛው አያቃጥልም።"

በማግስቱ ጠዋት ዩዌ-ሺያ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆማለች። ዘንቢሏ ውስጥ ዝንጅብል፣ ሁለት ጠርሙስ የሰሊጥ ዘይት፣ ቹን-ሺዮንግ "ሊቀ ሊቃውንቱ ያቀለጡትን በረዶ እኔ ልተካ" ብሎ በበረዶ ያሸገላት ዶሮ አለ። አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ሳለ ሊያኦ ከመንገዱ ማዶ ብቅ አሉ። ይሮጣሉ። ሊያኦ ሲሮጡ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። መነጽራቸው ዓይናቸው ላይ ነው።

"ቆይ! ቆይ ዩዌ-ሺያ!" ደረታቸው ወጣ ገባ ይላል። "ጠዋት ዘንጓን ልመልስ ሳነሳት... ሰባ አራት ናት። እኔ ስልሳ አራትን ነው የከፈትኩት። አንድ ረድፍ ወደ ላይ። ያነበብኩልሽ የሌላ ሰው ግጥም ነው።"

ዩዌ-ሺያ አንድ እግሯ ደረጃው ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። "የኔውስ?"

"ይዤዋለሁ።"

"ያንብቡልኝ።"

"ሴትዮ፣ ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?" አለ ሹፌሩ።

"ጠብቅ!" አሉ ሁለቱም።

ሊያኦ ወረቀቷን ዘረጉ። በዚህኛው ላይ ዜማ አልነበረም፤

*ደመና ወረደ ተራራን ከቦ፣*
*ነፋስም መጣ ማዕበል ስቦ፤*
*ጀልባህን እሰር ከባሕር ዳር ላይ፣*
*ሰማዩ እስኪጠራ፣ ጨረቃ እስክትታይ።*

የዘንቢሉ እጀታ ጣቷን ቆረጣት። እንኳን ለሃያ ሁለት ዓመት አድማጭ፣ ለማንም ግልጽ ነው። ዩዌ-ሺያ ማብራሪያውን ጠበቀች። ጀልባው ማን ነው? ገመዱ ምንድን ነው? ልውረድ? ዶሮውን ይዤ ልመለስ? ሽማግሌው ወረቀቷን አዩ፣ የእሷን ፊት አዩ፣ እንደገና ወረቀቷን አዩ።

"ዝናብ ይመጣል ማለት ነው" አሉ።

"እና?"

"እናማ ጃንጥላ ያዢ።"

"በቃ? ሌላ የለውም?"

"ምን ሌላ አለው? ደመና አለ፣ ነፋስ አለ። ዝናብ ነው።" ከቤት ሲወጡ እንደ ምርኩዝ የሚደገፉትን ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘረጉላት። "በይ ግቢ፤ ሰው አታስጠብቂ።"

ከላይ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሸክላ ጥርት ብሎ ነበር፤ ከባሕሩ ማዶ እንኳ የጥጥ ያህል ደመና አይታይም። ዩዌ-ሺያ ጃንጥላውን ተቀበለች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አየቻቸው፤ የሚደገፉት ስላጡ በአንድ እጃቸው የፌርማታውን ብረት ይዘው፣ ሰባ አራተኛውን ግጥም አጣጥፈው ወደ ኪሳቸው ሲከቱ። ከእሳቸው አፍ ከሰማችው ሁሉ አጭሩ ትርጓሜ ነበር። እስከ ታይቹንግ ድረስ ጃንጥላውን አቅፋ ተቀመጠች፤ ከትርጓሜዎቻቸው ሁሉ በሙሉ ልቧ ያመነችው ያንን ነው።