ፀሐይ በአራተኛ ተራ

እናንተዬ፣ ዕቅድን የመሰለ ጉድ አይቼ አላውቅም። ያኔ በደርግ ጊዜ ያላቀደ ማን ነበር? መንግሥት ያቅዳል፣ ቀበሌ ያቅዳል፣ የገበሬ ማኅበሩም ዝናቡን ሳያማክር ያቅዳል። እኛ አምቦ ኮሌጅ የገባነውማ ለምሳ ተሰልፈን እንኳ እናቅድ ነበር።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ቶሎሳ ግን የባሰበት ነው። የጎጆ ከተማ ልጅ ነው፤ ቤት ቢቃጠል የማይቸኩል። አንደኛ ፈተና፣ ሁለተኛ ምረቃ፣ ሦስተኛ ሥራ፣ አራተኛ ፀሐይ ብሎ ሕይወቱን ደርድሮታል። ፀሐይ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው የኦቦ ዲንቃ ልጅ ናት። እሷን ለማየት ሳሙና ይገዛል። ይገዛል እንጂ አይታጠብበትም፤ ከአልጋው ሥር ያጠራቅመዋል።

«ኧረ ሽማግሌ ላክ» እለዋለሁ።

«ሱታ፣ ሱታ» ይለኛል፣ ቀስ በል ማለቱ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ተራዋ መች ደረሰ?»

ለእሷስ ነግረሃታል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ሳይመረቁ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም አለኝ። አበሳጨኝ፣ ተውኩት።

የመጨረሻው ፈተና ሲቃረብ ኦቦ ዲንቃ ራሳቸው መጥተው ከበሩ አስጠሩት። አብሬው ወጣሁ።

«ልጄ፣ ነገር በወጉ እንደምታስኬድ አገር ያውቃል» አሉት። «ፀሐይን ለአንድ የጉደር አስተማሪ ሰጥቻታለሁ። ሠርጉ ከፈተናችሁ በኋላ ነው። ዳሱንና ድግሱን የሚያቅድልኝ ከአንተ ወዲያ ማን አለኝ?»

ክው አልኩ። ቶሎሳ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ «እሺ አባባ» አለ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ደጅህ ድረስ መጥቶ ለምኖህ እምቢ አይባልም። ያ እንቁላል እውነትም እግር አውጥቶ ነበር፤ የሄደው ግን ወደ ጉደር ነው።

ሠርጉማ አማረ። ጠላው አልጎደለ፣ ቆሞ የቀረ እንግዳ የለ። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ልንሰናበታት ተጠጋን።

«ቶሌ፣ ለፋህልኝ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አባቴን ያን ሁሉ ጊዜ ቆይ ስል የኖርኩት፣ አንተ ሽማግሌ ትልካለህ ብዬ ነበር።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሙሽራ ስትወጣ ታለቅሳለችና ማንም ልብ አላለ። ቶሎሳ የዳሱን ቋሚ ይዞ ቀረ።

ከዚያ በማዕረግ ተመረቀ፣ ሥራም ያዘ። ዕቅዱ እስከ ሦስተኛው ድረስ ዝንፍ አላለም። ስንለያይ ከአልጋው ሥር የነበረውን ሳሙና ሁሉ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ።