ቢጠፋ ማን ይፈልገዋል?

በየከተማው አንድ የቀበሌ መዝጋቢ አለ፤ ሰው ፊቱ ቆሞ እያየው እንኳ መምጣቱን የማያምን። የቢቸናው ሊቀ መዝጋቢያን፣ ክቡር አቶ አካለ ወልድ፣ የሁሉም አለቃ ናቸው።

ፀሐይነሽ ይበልጥ አሳሯን ያየችው የምትሠራበት የመንገድ ድርጅት ያስመጣውን ህንዳዊ መሐንዲስ፣ ፕራካሽን፣ ልታስመዘግብ የሄደች ዕለት ነው። ቪዛው፣ የሥራ ፈቃዱ፣ ፓስፖርቱ ተሟልቷል። የቀረው የቀበሌው ምዝገባ ነው፤ ቀኑም ዛሬ ያበቃል። ካልተመዘገበ ነገ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፣ ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድም ያለ መሐንዲስ ይቀራል።

አቶ አካለ ወልድ ማኅተም የበዛበትን ወረቀት ገፋ አድርገው፣ «ቢጠፋ ማን ይፈልገዋል?» አሉ።

«ድርጅቱ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ድርጅትማ ሌላ ይቀጥራል። ሰው አምጪ!»

ከዚህ ጥያቄ ያመለጠ የለም። ተመድቦ የመጣ አስተማሪም ሆነ ነርስ፣ ቢጠፋ እፈልገዋለሁ ብሎ የሚፈርም ጎረቤት ከሌለው አይመዘገብም። ማንም ለሌለው እሳቸው ራሳቸው ይፈርማሉ፤ ፈርመውም አይተዉትም። ለፀሐይነሽም የፈረሙላት እሳቸው ናቸው፤ ከደብረ ኤልያስ ከመጣች ጀምሮ፣ በየማለዳው ጉሙ ሳይገለጥ የቆርቆሮ በሯን በከዘራቸው ቋ ቋ ያደርጉታል።

«አለሽ?»

«አለሁ» ካላለች ንቅንቅ አይሉም። አንድ ቀን ተናዳ ዝም ብትል፣ ሰፈሩን ሰብስበው በሩን ሊያስገነጥሉት ነበር።

«ለመሆኑ ይህን የሚያዘው የትኛው መመሪያ ነው?» አለቻቸው የዛሬው ሲጨመርበት ብግን ብላ።

ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሞጣ ሳለሁ አንድ የውጭ አገር ቀያሽ ነበር። ወረቀቱ እንዲሁ የተሟላ። ክረምት ላይ በጉም ወጣ። የቤቱ መብራት ይበራል፤ ባየነው ቁጥር ‹አለ› እንላለን። አምፖሉ ሲቃጠል ነው የገባን።»

«ከዚያስ ተገኘ?»

«እስካሁን እንኳን ሊገኝ፣ ‹የት ደረሰ?› ብሎ የመጣ የለም።»

ፀሐይነሽ እስክሪብቶውን ተቀብላ ለፕራካሽ ፈረመች።

በማግስቱ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። የፕራካሽን በር አንኳኳች። «አለህ?»

«አለሁ!» አለ፣ ትናንት ያስጠናችውን ቃል።

የጎደለው ነገር ትዝ ያላት ያኔ ነው። ዛሬ የእሷ በር አልተንኳኳም።

ሮጠች፤ ፕራካሽም የጫማውን ክር እየጎተተ ተከተላት። እሳቸው ለስንቱ ፈርመዋል፣ ለእሳቸው ግን ማን ፈርሞ ያውቃል? የአቶ አካለ ወልድ ቤት መብራቱ በርቷል። ውሻቸው አልጮኸም።

«ጋሼ! አሉ?»

ወደ በሩ ተጠጋች።

«ጋሼ አካለ ወልድ! አሉ ወይ?» በሩን በጡጫዋ መታችው። እኒህን ነዝናዛ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምትወዳቸው እስከዚያች ጠዋት አላወቀችም ነበር።

በመጨረሻ፣ ውስጥ ከዘራ ወለሉን ቋ አደረገ።

«አለሁ» አሉ፣ ጉንፋን በዘጋው ድምፅ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ደግሞ፣ «ያ ሰውዬሽስ? አለ?»

ከኋላዋ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ «አለሁ!» አለ ፕራካሽ።