ቋ የምትለዋ መኪና

ቶላ፣ ማሎ፣ እባክህ ይሄን የድምፅ መልእክት ሳትጨርሰው እንዳትዘጋው። ሰው ሁሉ የሚናደደው በማይችል መካኒክ ነው፤ እኔ ግን በሚችል መካኒክ ተቃጥያለሁ። ነገር የሚበላሸው በግማሽ ሥራ ነው ይባላል። ውሸት! ሙሉ ሥራም ያበላሻል፣ በተለይ ሰው ካልለመደው። እስቲ አስበው፣ አምቦ ውስጥ አንድ ነገር አንዴ ተጠግኖ በዚያው ሲቀር አይተህ ታውቃለህ? አንተ ግን ጠገንክ። አለቀልኝ።

መኪናዬን ለምን እንዳመጣሁልህ ታስታውሳለህ። ጊንጪ፣ ሜቲን ለትዳር ለመጠየቅ ሽማግሌ ልልክ ስል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኦቦ ደበላ «በዚያች ፎር ዊል ከሄድን አንተ ሚስት ታገኛለህ፣ እኔ ወገቤን አጣለሁ» ብለው እምቢ አሉ። እውነታቸውን ነው። ወደ ጭልሞ ደን ችግኝ ሳመላልስባት የፊት እግሯ አልቆ፣ ጉድጓድ ባየች ቁጥር «ቋ! ቋ!» ነበር። አንተ የጎማው መገጣጠሚያ ቋ እንዳይል አዲስ ቴስቲናና አዲስ ጎሚኒ፣ ሰው እንዳትንጥ ደግሞ አዲስ ሾክ ገጠምክላት፤ እንደ ድመት መራመድ ጀመረች። አጨበጨብኩልህ እኮ! እጄን ይቁረጠው።

ባለፈው እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሄዱ። ወንድሜ ነዳላቸው፣ እኔ እንደ ወጉ ቤት ቀረሁ። ኦቦ ደበላ እስከ ጊንጪ እንቅልፋቸውን ለጥጠው፣ እዚያ ሲደርሱ ነቅተው፣ እኔን ለማሞገስ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ጨዋ ልጅ ነው፤ በዚህ ሰፈር አልፎም አያውቅ!»

እኔ! በቀን ሁለቴ በደጃፏ የምመላለሰው!

አባቷ አቶ ተፈራ ምን ቢመልሱ ጥሩ ነው? «እንግዲያው ይቅርታ አድርጉልኝ። በአጥሬ ሥር ቋ ቋ እያለች የምታልፍ መኪና አለች። ልጄ እሷን ስትሰማ የያዘችውን ጥላ ወደ በር ነው። ሰውየውን አላየሁትም፣ ግን ልቧ እዚያ ነው። እሱ እስኪልክ እጠብቃለሁ።»

ቶላ፣ ለእኔ ሲሉ እኔን ከለከሉኝ!

ሜቲ «አባዬ፣ ልጁ እኮ ያው ነው» ብትላቸው፣ «ታዲያ ሦስት ሽማግሌ ዋሸ?» አሏት። ኦቦ ደበላን «እባክዎ ያስተካክሉት» ብላቸው፣ «በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ ልበል? ሂድ ወዲያ!» አሉኝ። ራሴ ሄጄ እንዳላስረዳ፣ ነውር ነው። በመኪናዋ ሦስት ጊዜ በደጃቸው አለፍኩ፤ ማን ሰምቶኝ! ውሻ እንኳ ቀና አላለም።

ደግነቱ ሽማግሌ አንዴ ሄዶ አይቀርም፣ በሚመጣው እሑድ ይመለሳሉ። እና ስማኝ። ያለቀችውን ቴስቲና መልስልኝ አልልህም፣ እሷ አንድ ቀን ገደል ትከተኛለች። ቁራጭ ብረት ፈልገህ በሽቦ ከሥር እሰርልኝ፤ ብቻ ጉድጓድ ስታይ ቋ ትበል። ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን ማጠፍ አያስፈልጋቸውም፣ አፋቸውን ይዘው ይቀመጡ። ያ ድምፅ መጥቶ መጥቶ ደጃቸው ላይ ሲቆም አቶ ተፈራ ራሳቸው ይሰሙታል።

ሾኩን ግን ንቀለውና አሮጌውን ግጠም። እሱ ለድምፁ አይደለም።

ለኦቦ ደበላ ነው።